ጋሽ አምኃ የሚያውቋቸው ሟቾችና የእኔ ሞተር

ሰፈር ያለ መብራት ያድራል። ያለ ውሃም ሳምንት ይከርማል፤ እኛ ሽሮ ሜዳዎች ምስክር ነን። ያለ አንድ ስጉ ሰው ግን ሰፈር ሆኖ የቆመ ሰፈር የለም። የእናንተም ሰፈር አለ፣ ስሙን አትንገሩኝ። ልጅ አጥር ላይ ሲንጠላጠል ከየት መጣ ሳይባል ብቅ የሚለው፣ ታክሲ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መስኮት የሚያዘጋው፣ ሠርግ ላይ ጉርሻውን በአየር ላይ አቁሞ «ድንኳኑ ግን በደንብ ታስሯል?» ብሎ ሙሽሮቹን ቀና የሚያደርገው እሱ ነው።

የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ክቡር ሊቀ ስጋት ጋሽ አምኃ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል። ሸማኔ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ እግራቸውን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥለው ጥበብ ሲጠበቡ የኖሩ፣ የሠሩትን ጋቢ የለበሰ ሰው ብርድ የማያውቅ፣ እጀ ወርቅ ሰው። ይህ እንግዲህ መተዳደሪያቸው ነው። ዋናው ሥራቸው ስለ ሌላው ሰው መፍራት ነው፤ በዚህኛው ሥራ እሑድም በዓልም የለባቸውም።

ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው፤ «አንድ የማውቀው ሰው ነበር።»

ይህን የሰማ የሽሮ ሜዳ ሰው የያዘውን ያስቀምጣል። ምክንያቱም ያ ጋሽ አምኃ የሚያውቁት ሰው፣ እናንተ አሁን የምታደርጉትን ሲያደርግ ነው የሞተው። ፀጉሯን ታጥባ ደጅ የወጣች የሚያውቋት ሴት ነበረች። ምሳ በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ የቆመ፣ ምች መትቶት የቀረ የሚያውቁት መምህር ነበር። ስልኩን እየሞላ ያወራ የሚያውቁት ወታደር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ወደ ኋላ የተለጠጠ የሚያውቁት ነጋዴ፣ ትኩስ ድንች ሳያበርድ የዋጠ የሚያውቁት ዲያቆን። እኔ በልጅነቴ ጋሽ አምኃ በሕይወት ያለ ሰው የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። እትዬ የሺመቤትን፣ ባለቤታቸውን ማለቴ ነው፣ አንዴ ብጠይቃቸው፣ «እኔም ከዛሬ ነገ ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁ» አሉኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ስሜ ትሕትና ይባላል፤ ጠባዬ ከስሜ ጋር አይተዋወቅም። ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ፤ ገዢ ሲጠፋ ወሬ በነጻ አድላለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ሲሆን በሠላሳ ሁለት ዓመት ያልጀመርኩት ነገር የለም። ፀጉር ሥራ ጀምሬያለሁ። መንጃ ፈቃድ ጀምሬያለሁ። ኮምፒውተር ሁለቴ ጀምሬያለሁ። ዶሮ እርባታ እንኳ ጀምሬ ነበር፤ ዶሮዎቹም ጀምረው ነበር፣ በቃ ሁላችንም ተውነው። ሰፈሩ ስም አውጥቶልኛል፤ «ጀማሪዋ» ይሉኛል። ሲሉኝ እስቃለሁ። ቤት ስገባ አልስቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከደንበኛ ቤት ስመለስ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው በኩል ባለው የተተወ ድንጋይ መፍለጫ አንድ ሰውዬ በሞተር ድንጋይ ላይ ሲወጣ አየሁ። ሲበር እንዳይመስላችሁ። ቀስ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ፍየል ነው የሚወጣው። ከፍ ካለው ድንጋይ ጫፍ ላይ ደርሶ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ እግሩ መሬት አልነካም። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ደልዳላ መሬት ላይ የምወድቀው እኔ፣ ሲወርድ ጠብቄ «አስተምረኝ» አልኩት።

ሰውዬው ቶለሳ ይባላል። ሥራው ጎሚስታ ነው። ሞተሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው ነው። ሥልጠናውን በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጠባዩ ብቻውን እንደ ክፍያ ይቆጠራል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በድንጋይና በጉቶ መሃል በክር መንገድ ይከለላል። ቆመሽ ነው የምትነጂው። ከክሩ እስክትወጪ እግርሽ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ይጻፍብሻል፤ ከወደቅሽ ወይም ክሩን ከጣስሽ አምስት። ልክ እንደ ኃጢአት ነው፤ ያነሰው ይጸድቃል። ፍጥነት ማንም አይጠይቅሽም። ይህን ለእትዬ የሺመቤት ሳስረዳቸው በጥሞና ሰምተው፣ «ለመዘግየት ከሆነ በእግርሽ አትሄጂም?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ወር ድንጋይ የሚባል ነገር አላሳየኝም። ሞተሩን አጥፍቶ ላዩ ላይ አቁሞኝ፣ «ዝም ብለሽ ቁሚ» ይለኛል። መቆም ቀላል ይመስላችኋል? ያን ወር በግራ በኩል ወደቅሁ፣ በቀኝ በኩል ወደቅሁ፣ አንዴ በየት በኩል እንደወደቅሁ ቶለሳም አላወቀም። ቀጥሎ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ በመሃላቸው መዞር፣ መዞር፣ መዞር። «አንድ ጣት ፍሪሲዮን ላይ፤ አንድ ጣት ፍሬን ላይ። ድንጋዩን አትዪ። የምትደርሺበትን እዪ፤ ወደምታዪው ነው የምትሄጂው።» እኔ ደግሞ የማየው ዳር ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፉም ይመሰክራል።

ሌላ ጀማሪ አለ፤ ኖህ ይባላል፤ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሞተሩ አንድ፣ እኛ ሁለት ስለሆንን ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቅን ቤት እንወስደው ነበር። የእኔ ሳምንት ሲደርስ የሚያድረው ግቢያችን ውስጥ ነው። ግቢያችን ማለት ደግሞ የእኛ ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧና የሊቀ ስጋት ጋሽ አምኃ መኖሪያ ነው።

ያን ሞተር በመጀመሪያ ቀን ሲያዩት የሆኑትን አልረሳም። ዙሪያውን ሁለቴ ዞሩት። ጎንበስ ብለው አዩ።

«መቀመጫውስ?» አሉኝ።

«የለውም።»

«ሰረቁብሽ?»

«ሲሠራም የለውም፣ ጋሽ አምኃ። ቆሞ ነው የሚነዳው።»

ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «አታለውሽ ነው በይኝ እንጂ» አሉ በመጨረሻ። «ግማሹን ሸጡልሽ። አንድ የማውቀው ሰው ነበር፣ መቀመጫው የላላ ብስክሌት ገዝቶ...»

«ሞተ?»

«አዎ። አንቺ ደግሞ የላላም የለሽም።»

ሳምንቱን ሙሉ የሸማኔ ዕቃቸው ሲንኳኳ ሰማሁ። ትእዛዝ ደርሶባቸው ነው ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ብወጣ ሞተሩ ላይ ትራስ ታስሯል። ተራ ትራስ እንዳይመስላችሁ፤ በጥጥ ቁርጥራጭ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ፣ ጠርዙ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥበብ የዞረበት፣ ለጥምቀት የሚለበስ ትራስ ነው። ማሰሪያውን እንኳ ገምደውታል። ጋሽ አምኃ ራቅ ብለው ወደ ሰማይ እያዩ፣ እንደማያውቅ ሰው ቆመዋል።

ችግሩ ይህ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ስትወርጂም ስትወጪም ጉልበትሽ እየታጠፈ ወገብሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትራሱ ደግሞ እዚያ ይጠብቅሻል። በወረድኩ ቁጥር እንደ ጎረምሳ በሬ ገፍቶ ይወረውረኛል። ቶለሳ ሲያየው መጀመሪያ የሙሽራ ነገር መስሎት «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ምን ላድርግ? ከግቢ ስወጣ ትራሱ ታስሮ፣ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ፈትቼ በጀርባዬ አዝዬው፣ ማታ ስመለስ መታጠፊያው ጋ መልሼ አስሬው እገባለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ኖርን። «ተመቸሽ?» ይሉኛል። «እንደ ሶፋ» እላቸዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክረምቱ ሲቃረብ ቶለሳ ሁለታችንንም ጠራንና አረዳን። ዝናብ ሲገባ ድንጋይ መፍለጫው የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል፤ ሁለት ጀማሪ አልችልም፤ አንዳችሁ ትቀጥላላችሁ፣ አንዳችሁ ትቀራላችሁ አለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ድንጋይ በክር ይከለላል፤ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ትሞክራላችሁ፤ የተሻለው ውጤት ይያዛል፤ ያነሰ የተጻፈበት ሞተሩን ይወስዳል።

ኖህ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሱ ቢቀር ስልክ ጠጋኝ ነው። እኔ ብቀር ጀማሪዋ ነኝ። ሰፈሩ ምን እንደሚል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሌላው ሲተው የምናገረው እኔ ነኛ! «ያቺ ደግሞ ሞተሩንም ተወችው» የሚለውን ወሬ ከማን አፍ እንደሚወጣ፣ በየት በኩል ዞሮ ስንት ሰዓት ላይ ሱቄ እንደሚደርስ ጭምር አውቃለሁ።

ያን ሳምንት እህል አልወረደልኝም። ነጠላ ዘርግቼ ገዢ ፊት ኔትወርክ እንደሌለው ስልክ ድርቅ እላለሁ። ድንጋዮቹን በሐሳቤ በየተራ አያቸዋለሁ። ስም ሁሉ አውጥተንላቸው ነበር። ሁለተኛውን «አማት» እንለዋለን፤ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ስትቀርቢው ግን ይገፋል። አምስተኛው «ደህና ሰንብቱ» ነው፤ ከጫፉ በኋላ የወገብ ያህል ቁልቁለት አለው።

ከእኔ የባሱት ግን ጋሽ አምኃ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ከእንጦጦ ማርያም ጸበል በሃይላንድ ላስቲክ አምጥተው ሞተሩን ረጩት። ዓርብ ዕለት ሊቀመጡ መጥተው ሳይቀመጡ ሄዱ። ቅዳሜ ሞተሩ አጠገብ ቆመው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ አየኋቸው። ምንም አልመሰለኝም። ሊቀ ስጋት ያልዳሰሱት ነገር የለማ።

እሑድ ረፋድ ላይ ድንጋይ መፍለጫው ደረስን። ጋሽ አምኃ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው እንዳሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው መታጠፊያው ጋ ጠብቀውኝ ነበር። ትራሱን መታጠፊያው ጋ ልፈታው አልቻልኩም፤ አብረውኝ ነበሩ። «ዛሬ እርስዎ ይቀመጡበት፣ ድንጋዩ ብርድ ነው» ብዬ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ብርድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አልተከራከሩም።

ዕጣ ወጣ፤ እኔ ቀዳሚ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጣሁ። ሞተሩ ግን ሞተሬ አይደለም። ድንጋዩን በማቀፍ ፈንታ እንደ ኳስ ነጠረ። አማት ጋ ስደርስ የፊት ጎማው ነክቶት ተስፈንጥሮ ወደ ጎን ሄደ፤ እኔ ደግሞ ወደ ሌላ ጎን። በክርኔ ወደቅሁ። ቶለሳ ሳይቸኩል ደብተሩ ላይ አምስት ጻፈ። ከዚያ መጥቶ ሞተሩን አነሳና ጎማውን ጫን አደረገው። ጎማው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ማነው የነፋው?» አለ።

ማወቅ ያለባችሁ፣ ይህ ጨዋታ በለሰለሰ ጎማ ነው። አየሩ ቀንሶ ጎማው ድንጋዩን እንዲጨብጥ ይደረጋል። ቶለሳ ቀን ሲነፋ የሚውል ጎሚስታ ሆኖ፣ የዚህን ሞተር ጎማ በየሳምንቱ በገዛ እጁ ነበር የሚያስተነፍሰው። አሁን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

ነፋሱ ባሕር ዛፉን አወዛወዘው። ከዚያ ከትራሱ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ተንፍሶ አየሁት» አሉ ጋሽ አምኃ። «የኋላውም፣ የፊቱም። ልጅቷ በተነፈሰ ጎማ ተራራ ልትወጣ ነው ብዬ... እ... ጎህ ሲቀድ ከጎረቤት የብስክሌት መንፊያ ተውሼ ነፋሁት። እጄ እስኪዝል ነው የነፋሁት።»

«አንድ የምታውቀው ሰው ነበር አይደል?» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ነበር» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ስበው።

ቶለሳን ለመንኩት። ድጋሚ ስጠኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ፈረሰኛ ኮርቻውን ሳይፈትሽ አይወጣም። ጎማ ማየት የነጂ ሥራ ነው፣ ነግሬሻለሁ። አምስቱ አምስት ነው። አንድ ዕድል ቀርቶሻል።» ይህን ብሎ ቁጢጥ ብሎ አየሩን አስወጣው። ሲያስወጣው ያ ፉጨት የሰፈሬ ሰው ሁሉ የሚያፏጭብኝ መሰለኝ።

ኖህ ወጣ። ሦስት ጊዜ እግሩን አወረደ፤ ሦስት። በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አሁን እሱ ቀደመ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደህና ሰንብቱ ላይ፣ በጫማው ጫፍ ነካ። አንድ። ጓደኞቹ ጨበጡት። ኖህ ጥሩ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥሩነቱ አልታየኝም።

እኔ ሞተሩ ላይ ቆምኩ። ከአንድ ካለፍኩ አለቀ።

ያን ጊዜ ነው ጸጥታውን የሰማሁት። ሁለት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ላይ በወጣሁ ቁጥር የሚመጣ ድምፅ ነበር፤ «ተይ ተይ ተይ! በስመ አብ! ቧንቧውን እዪው! አንድ የማውቀው ልጅ ነበር!» አሁን የለም። ጋሽ አምኃ ትራሱ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ከተው መሬት መሬት ያያሉ። ለአርባ ዓመት ያልተዘጋ አፍ ተዘግቷል።

ስለ ፊት ጎማው አሰብኩ። ስለ ክርኔ አሰብኩ። ቅርንጫፍ ቢወድቅስ? ሰንሰለቱ ቢበጠስስ? ቁርስ በልቼ ፀሐይ ላይ መቆሜ ትዝ ሲለኝ፣ እመኑኝ፣ ምች ሁሉ አሰብኩ። ነገሩ ገባኝ። እስከዛሬ ደፋር ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ለካ ፍርሃቴን የሚይዝልኝ ሰው ነበር። እሳቸው ሙሉውን ተሸክመውልኝ እኔ ባዶ እጄን ነበር የምነዳው። ዛሬ ሸክሙን ቢያስቀምጡት ባለቤቱ እኔ ሆንኩ።

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጋሽ አምኃ» አልኳቸው።

«አቤት።»

«የሚያውቁት ሰው የለም እንዴ?»

«የምን ሰው?»

«እንዲህ ያለ ቦታ ላይ... የሆነ ነገር የሆነ።»

ወደ እትዬ የሺመቤት አዩ። «እኔ ዛሬ አልናገርም። ብናገርም ብሠራም ጉዳት ነው።»

«እባክዎ። አንድ ብቻ።»

«ልጄ፣ ተይኝ።»

«አምኃ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጅቷ ስትለምንህ አትኩራ። ያን ሁሉ ሬሳ ለማን ነው ያጠራቀምከው?»

ቶለሳ ሰዓቱን አየ። ኖህ እንኳ ጠጋ አለ። ጋሽ አምኃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ የማውቀው ሸማኔ ነበር» አሉ።

ትከሻዬ ወረደ። ከምላሴ ሥር ምራቅ ተመለሰ።

«ጎበዝ ነበር። ክር አይነጭም። የነጨ ይበጥሳል፤ የለቀቀ ይተበትባል፤ እሱ ግን መሃሉን ያውቃል፤ ይስባል ሳይነጭ፣ ይለቃል ሳይጥል። መሃሉ ላይ እንከን አታገኚበትም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። ጋቢው ሊያልቅ ስንዝር ሲቀረው ይቸኩላል። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ልቡ ቀድሞ ገበያ ይወጣል። አንድ ቀን እንዲሁ ቸኩሎ ጨረሰና...»

«ሞተ?» አለ ኖህ።

«ሞተ።»

«በምን?» አለ ቶለሳ። ቶለሳ ከጎማ ሌላ ነገር ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«በብርድ። ቸኩሎ ሲሠራ አልቦት ነበር፤ ላቡ ሳይደርቅ ወጣ። ጠርዝ ላይ ባይቸኩል ዛሬ ከእኛ ጋር ነበር።»

«ነፍሱን ይማር» አልን ሁላችንም።

ሞተሩን አስነሳሁ። አንድ ጣቴን ኃይሉን በሚይዘውና በሚለቀው ፍሪሲዮን ላይ አሳረፍኩ። ይስባል ሳይነጭ፣ ይለቃል ሳይጥል። ቶለሳ በሦስት ወር «ቀስ ብለሽ ልቀቂው» እያለ ያላስገባልኝን ነገር አንድ የሞተ ሸማኔ አስገባልኝ። ከኋላዬ ደግሞ ያ ድምፅ ተመለሰ፤ «ተይ ተይ ተይ! ኧረ ክርንሽን! በስመ አብ!» ፍርሃቱ ወደ ባለሙያው ሄደ። እኔ የሚቀረኝ መንዳት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ወጣሁ። የለሰለሰው ጎማ ድንጋዩን እንደ እጅ ጨበጠው። አማት ጋ ስደርስ ግን የቅድሙ ውድቀት ትዝ አለኝ፤ ዓይኔ ወደ ወደቅሁበት ሄደ፣ ሞተሩም ዓይኔን ተከተለ፣ ግራ እግሬ ሳያማክረኝ ወረደና መሬት ነካ። «አንድ» አለ ቶለሳ። ሞተሩ አልጠፋም። ክሩን አልጣስኩም። ቀጠልኩ። ከእንግዲህ ግን ተጨማሪ የለም።

ሦስተኛው። አራተኛው። ደህና ሰንብቱ ላይ ወጥቼ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የወገብ ያህል ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ሥር የክሩ መጨረሻ። ስንዝር ነው የቀረኝ። ልቤ ቀድማ ወርዳ፣ ሽሮ ሜዳ ደርሳ፣ ወሬውን እያወራች ነበር። ነይ ተመለሺ አልኳት። ፍሬኑን በአንድ ጣት ያዝኩ። ሞተሩ ወደ ግራ ዘመመ፤ እግሬ ከመርገጫው ተነሥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ያን ብርድ የመታውን ሸማኔ አሰብኩ። አልቸኮልኩም። ሞተሩ አሰበበት፣ አሰበበትና ቀና አለ። እግሬ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወገቤን ወደ ኋላ፣ የሚገፋኝ ትራስ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ጥዬ ወረድኩ።

«አንድ» አለ ቶለሳ፣ ደብተሩን እያየ። «ኖህም አንድ።» ራሱን አከከ። «እኩል ለሆነ ሰው ሕግ አላወጣሁም።»

«እንደ ድሮው ሳምንት በሳምንት እንቀጥላ» አለ ኖህ። ጥሩነቱ ያን ጊዜ ታየኝ።

ቶለሳ አጉረመረመ። ክረምት ነው አለ፣ ጭቃ ነው አለ፣ ሁለት ጀማሪ ሁለት ራስ ምታት ነው አለ። ግን እምቢ አላለም። ጋሽ አምኃ ጋቢያቸውን አውልቀው ላዬ ላይ ጣሉት። አልቦኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ሦስት ሰው ቀደም ብሎ የማውቀው ጋቢ አለ። ለአንዲት ዘንቢል ለያዙ ሴትዮ እየተረኩ ነው።

«አንዲት የማውቃት ልጅ ነበረች» አሉ።

ሰልፉ በሙሉ የያዘውን አስቀመጠ። እኔም ጆሮዬን አቀናሁ፤ ሰው የራሱን አሟሟት በየቀኑ አይሰማም።

«መቀመጫ የሌለው ሞተር ላይ ወጣች። ፊቷ ድንጋይ። ከድንጋዩ ኋላ ገደል፣ ይህን ፎቅ የሚያህል።»

«እግዜር ነፍሷን ይማር» አሉ ሴትዮዋ፣ ልማዱን ስለሚያውቁ አስቀድመው።

«የምን ነፍስ ይማር?» ጋሽ አምኃ ተቆጡ። «ወጣችው እኮ። አምስቱንም ድንጋይ። አንድ ጊዜ እንኳ እግሯ መሬት ሳይነካ።»

ነክቷል። አንዴ፣ ግራው፣ አማት ጋ። ቶለሳ ጽፎታል፣ ኖህ አይቶታል፣ እኔ ራሴ እሑድ ማታ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼዋለሁ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፍቼው ዘጋሁት።

«ከዚያስ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ገና የሚመጣ ነገር ያለ መስሏቸው።

«ከዚያማ ቤቷ ገባች። ምሳዋን በላች።»

ለእንዲህ ያለ ታሪክ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ሰልፉ ላይ አልነበረም። ጋሽ አምኃ ድንገት ዞር ሲሉ አዩኝ። አላፈሩም። ከላይ እስከ ታች መረመሩኝ፤ አንገቴ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጠዋት ያለ ነጠላ? አንድ የማውቀው ሰው ነበር...»

የያዝኩትን አስቀመጥኩ።